66 በመቶ ከ49 በመቶ ይበልጣል?

ጥያቄው ከዘነበወርቅ

በኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው ዘነበወርቅ ያለው የአለርት ሕክምና ማዕከል በመጀመሪያ የታክሲ መውረጃ ነው። «አለርት ጋ ወራጅ አለ!» እንላለን፣ እንወርዳለን፣ አስፋልቱን ተሻግረን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። ማዕከሉ በ1965 የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነው (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1970 ከጎኑ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ኖርዌይ ውስጥ ያገኘው ሐኪም ነው። ክፍል ውስጥ እንደ ደረቅ ቀመር የምንማረው ሁለት ምጣኔዎችን የማወዳደር ፈተና በዚህ አጥር ውስጥ የደነዘዘ እጅ ስሜቱ በየትኛው መድኃኒት ይበልጥ እንደሚመለስ ለመለየት ሲያገለግል ኖሯል።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በመድኃኒት ይሞታል። አስቸጋሪው ባለሙያዎቹ «ሪአክሽን» የሚሉት ነው፦ የሰውነት መከላከያ በድንገት ይቆጣና ቆዳውንና ነርቩን ያሳብጣል። ነርቩ ሲጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ የጋለ ድስት የያዘ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው በኋላ ቁስሉን ሲያይ ይሆናል። የተለመደው ሕክምና ፕሬድኒሶሎን ነው። ለወራት ሲወሰድ ግን ስኳርና የደም ግፊት ሊያስነሣ፣ አጥንት ሊያሳሳ ይችላል። ስለዚህ ዶክተር ሳባ ላምበርትና ባልደረቦቻቸው አለርት ውስጥ ሌላ መንገድ ሞከሩ፦ 73 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት መድበው አንዱን ወገን እንደተለመደው በፕሬድኒሶሎን፣ ሌላውን ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ጨምረው አከሙ። ውጤቱ የታተመው በ2016 ነው። የጠፋ ስሜት መሻሻል የታየው በሳይክሎስፖሪኑ ወገን በ66 በመቶ፣ በፕሬድኒሶሎኑ ወገን በ49 በመቶ ነበር።

ጥናቱ ግን ልዩነቱ ሲግኒፊካንት አይደለም አለ። ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆጣል። «መምህር፣ 17 ነጥብ እኮ ነው!» ይላል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ 66 ከ49 እንደሚበልጥ ለማወቅ ስታትስቲክስ አያስፈልግም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሁለቱ ሕክምናዎች በእርግጥ እኩል ቢሆኑ ኖሮ፣ ዕጣው ብቻውን እንዲህ ያለ ልዩነት ሊያመጣ ይችል ነበር ወይ? ይህን ለመመለስ ሁለቱ ፐርሰንቶች አይበቁም። «ከስንት ሰው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋዜጣ ላይም ሆነ በሪፖርት ስብሰባ ላይ ፐርሰንት ብቻ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ይህቺ ጥያቄ አፌ ላይ ናት።

የአለርቱን ጉዳይ ለጊዜው እናቆየው። ስሌቱን ለመማር ቁጥሩ በዛ ያለና አካሄዱ የጠራ ሌላ ምሳሌ አለን፤ እሱም ከአማራ ክልል፣ ከጎጃም ነው።

ወረንጦውና ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች

ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ዐይን በጊዜ ብዛት ቆቡ ከውስጥ ይጠባሳል። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ብሌኑ ይዞርና ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ይፈገፍገዋል። በገጠር ይህ ሕመም ያለባቸው እናቶች ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይኖራሉ፤ ሕመሙ ሲብስ ጎረቤት ወይም ልጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ፀጉሩን አንድ በአንድ ይነቅልላቸዋል። የነቀሉት ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። የተሻለው መፍትሔ ቆቡን በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ መመለስ ነው።

ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። በአንደኛው የቆቡ ሙሉ ውፍረት፣ ከቆዳው እስከ ውስጠኛው ገጽ፣ ይቆረጣል። በሁለተኛው የሚቆረጠው የቆቡ የውስጥ ክፍል ብቻ ነው፤ ቆዳው አይነካም። ሁለቱም ለዓመታት ሲሠራባቸው ኖረዋል። የቱ ይሻላል ለሚለው ግን እያንዳንዱ ባለሙያ የተማረበትን ያወድስ ነበር።

እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በ2014 ዕጣ አወጡ። 1,000 ታካሚዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት ተመዝግበው 501ዱ ለመጀመሪያው፣ 499ኙ ለሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተመደቡ። ከዚያ በኋላ ስምንት ሰዎች ብቻ ለክትትል ምርመራ አልተገኙም። ይህን በቀላሉ አትለፉት፤ ገጠር ውስጥ ሺህ ሰው አክሞ ከዓመት በኋላ ሁሉንም ለማለት ይቻላል መልሶ ማግኘት ከቀመሩ ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። ስምንቱ ሲቀነሱ በየወገኑ 496 ሰዎች ቀሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሽፋሽፍታቸው ተመልሶ የዞረባቸው እነዚህ ናቸው፦

ሙሉ ውፍረት የሚቆርጠው፦ ከ496 ሰዎች 110፣ ማለትም 22.2 በመቶ።
ከውስጥ ብቻ የሚቆርጠው፦ ከ496 ሰዎች 63፣ ማለትም 12.7 በመቶ።

ልዩነቱ 9.5 ነጥብ ነው። ከአለርቱ 17 ነጥብ በጣም ያንሳል። ሆኖም ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ2016 ሲታተም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። ለምን?

ዕጣውን መልሰን እናውጣ

ፈተናው የሚጀምረው አንድ ነገር በማስመሰል ነው። ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች ምንም አይለያዩም እንበል። መማሪያ መጽሐፍ ይህን ባዶ መላምት ይለዋል። ቀዶ ሕክምናው ካልለያቸው፣ ሽፋሽፍቱ የተመለሰባቸው 173 ሰዎች (110 ሲደመር 63) በየትኛውም ቢላ ቢታከሙ ይመለስባቸው ነበር ማለት ነው። ታዲያ 110ሩ ወደዚህ፣ 63ቱ ወደዚያ የሄዱት ስማቸው ከየትኛው ወገን ስለወጣ ብቻ ነው።

እንደ እቁብ ዕጣ አድርጋችሁ አስቡት። 992 ቁራጭ ወረቀት ቅደዱ። 173ቱ ላይ «ተመለሰ» ብላችሁ ጻፉ፤ የቀሩትን ባዶ ተዉአቸው። ሁሉንም ጠቅልላችሁ ባርኔጣ ውስጥ ክተቱ፣ አማስሉ፣ ሳታዩ 496 አውጡ። በእጃችሁ ስንት «ተመለሰ» ይገኛል? ፍትሐዊ ዕጣ ከሆነ ግማሹ፣ 86 ወይም 87። ግን እቁብ የጣለ ሁሉ እንደሚያውቀው ዕጣ ሁልጊዜ ልክ ግማሽ አያወጣም። አንድ ጊዜ 81 ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ 92። ወረቀቶቹን መልሳችሁ አማስላችሁ ደግማችሁ ብታወጡ፣ ደግማችሁም ብታወጡ፣ የምታገኙት ቁጥር ከ86.5 ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ልክ 6 ገደማ ነው። ይህንን 6 በስሌትም ማግኘት ይቻላል፤ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ግን አሥር ሺህ ጊዜ አማስሎ በዐይኑ ቢያየው ይሻለዋል። ከመቶ ዙር ወደ 68 የሚሆኑት ከ81 እስከ 92 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ወደ 95 የሚሆኑት ከ75 እስከ 98 ባለው ውስጥ።

በጎጃሙ ጥናት የወጣው ግን 110 ነው። 110 ከ86.5 በ23.5 ይርቃል። በ6 ብናካፍለው 3.9 ውዝዋዜ ይሆናል። አሥር ሺህ ዙር ብታማስሉ ያን ያህል የሚርቅ ቁጥር የምታገኙት አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ ያም ከቀናችሁ። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ያን ያህል ብርቅ ዕጣ በዚያ በአንዱ ጥናት ላይ ወጥቷል፣ ወይ መጀመሪያ ያስመሰልነው ነገር ልክ አልነበረም። ተመራማሪው ሁለተኛውን ይመርጣል።

የፈተናው ነገር ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቀመር ወረቀት መቅደዱን ለማስቀረት የተሠራ አቋራጭ ብቻ ነው።

አቋራጩ

መጀመሪያ ሁለቱን ወገኖች ቀላቅለን አንድ የጋራ ምጣኔ እናወጣለን፦

173 ÷ 992 = 0.174

ብዙ ተማሪ «ለምን እንቀላቅላለን? ሁለት ምጣኔ አለን እኮ» ይላል። የምንቀላቅለው ልዩነት የለም ብለን ስለጀመርን ነው። ልዩነት ከሌለ ያለው አንድ ምጣኔ ብቻ ነው፤ እሱን ለመገመት ደግሞ ያሉንን ሰዎች ሁሉ መጠቀም ይገባል።

ቀጥሎ ስታንዳርድ ኤረሩን፣ ማለትም ልዩነቱ በዕጣ ብቻ የሚወዛወዝበትን ልክ፣ እናሰላለን፦

√(0.174 × 0.826 × (1/496 + 1/496)) = 0.0241

0.826 የመጣው ከ1 ላይ 0.174 ሲቀነስ ነው። በመጨረሻ ያየነውን ልዩነት በዚህ እናካፍላለን፦

ዜድ = 0.0948 ÷ 0.0241 = 3.93

በባርኔጣው ያገኘነው 3.9 ነበር። አቋራጩ እዚያው አደረሰን።

ክፍል ውስጥ የተለመደው መቁረጫ 1.96 ነው፦ ዜድ ከዚህ በላይ ሲርቅ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ ልዩነቱ በ5 በመቶ ደረጃ ሲግኒፊካንት ነው ይባላል። 5 በመቶ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለአሠራር ያመቻል ብሎ አስቀመጠው፤ ዓለም ተቀበለውና እስከ ዛሬ አለ። 1.95 ያገኘ ተመራማሪ ከ1.97 አግኚው ጋር ያላቸው ርቀት የጸጉር ስንጥቅ ነው። አንዱን አስጨብጭቦ ሌላውን መጣል ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ይለያያሉ ወይ?» ብሎ መፈተን በሁለት ጎን ነው፤ «ይሄኛው ይበልጣል ወይ?» ብሎ መፈተን በአንድ ጎን። የአንድ ጎኑ መቁረጫ 1.645 ስለሆነ ይቀላል። የትኛውን እንደምትጠቀሙ መወሰን ያለባችሁ መረጃው ሳይሰበሰብ ነው። ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ የሚቀለውን ጎን መምረጥ ጎሉ ከገባ በኋላ መረቡን እንደማንቀሳቀስ ይቆጠራልና በእኔ ፈተና ዜሮ ያሰጣል።

ፒ ቫልዩ የሚለውና የማይለው

ለ3.93 ያለው ፒ ቫልዩ 0.0001 ገደማ ነው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቀዶ ሕክምናዎቹ ባይለያዩ ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት በዕጣ የሚመጣው ከአሥር ሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

«ባዶ መላምቱ እውነት የመሆን ዕድሉ ከአሥር ሺህ አንድ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ስሕተት ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከታተመ የማስተርስ ጽሑፍም ላይ ታገኙታላችሁ። ፒ የተሰላው ባዶ መላምቱ እውነት ነው ብለን ከጀመርን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስለ ራሱ እውነትነት ሊመሰክር አይችልም። ዘመዴ ሐኪም ስለሆነ ነጭ ጋውን ለብሷል ማለትና ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው ማለት እንደማይገናኝ ማለት ነው።

ፒ ስለ ልዩነቱ ስፋትም አይናገርም። ለዚያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ የመተማመኛ ክልል። ለጎጃሙ ጥናት ክልሉ ከ4.8 እስከ 14.2 ነጥብ ነው። (እዚህ ላይ ስታንዳርድ ኤረሩን ስናሰላ ሁለቱን ምጣኔዎች አንቀላቅልም፤ አሁን ልዩነት የለም እያልን አይደለምና። 0.0239 ታገኛላችሁ፤ በ1.96 አባዙና ከ9.48 ነጥብ ላይ ቀንሱም ደምሩም።) ለጤና ቢሮ ኃላፊ ከፒ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ከመቶ ታካሚ ቢያንስ ወደ አምስት፣ ምናልባትም 14 የሚሆኑት ከዳግም ሕመም ይድናሉ ማለት ነውና፣ ባለሙያ መልሶ ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ ቁጭ ብሎ ማስላት ይችላል።

ወደ አለርት እንመለስ

አሁን 66ንና 49ን ማየት እንችላለን። የጥናቱ ባለቤቶች ያደረጉት ስሌት የራሱ ዝርዝር አለው፤ እኔ ለልምምድ ያህል 73ቱን ታማሚዎች 36 እና 37 ብዬ ከፍዬ፣ ሁሉም በዚህ መለኪያ ገብተዋል ብዬ ላስላ። የጋራው ምጣኔ 0.574 ገደማ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.116፣ ዜድ ደግሞ 0.17 ÷ 0.116፣ ማለትም 1.47። ፒ ቫልዩ 0.14። በባርኔጣ ቋንቋ፦ መድኃኒቶቹ ምንም ባይለያዩ እንኳ ከሰባት ዙር በአንዱ ይህን የሚያህል ልዩነት ይወጣል። ሰባት ጊዜ ዕጣ ያወጣ ሰው በዚህ አይደነግጥም።

17 ነጥቡ ያልበቃው ስለዚህ ነው። ጎጃም ላይ ስታንዳርድ ኤረሩ 2.4 ነጥብ ነበር፤ አለርት ላይ 11.6 ነጥብ። ናሙናው በአራት እጥፍ ሲያድግ ውዝዋዜው የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው፤ ከካሬ ሥሩ የመጣ ጣጣ ነው። በ36 ሰው ላይ ሁለት ሰዎች ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆኑ ፐርሰንቱ ከ5 ነጥብ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

ግን ተጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ሲግኒፊካንት አይደለም» ማለት «ሁለቱ መድኃኒቶች እኩል ናቸው» ማለት አይደለም። በልምምድ ስሌቴ የመተማመኛ ክልሉ ከዜሮ በታች ካለው 5 ነጥብ ከዜሮ በላይ እስካለው 39 ነጥብ ይዘረጋል። ይህ ክልል ምን ይላል? ሳይክሎስፖሪኑ በትንሹ ሊብስ ይችላል፣ እኩል ሊሆን ይችላል፣ እጅግ ሊሻልም ይችላል፤ 73 ሰዎች ይህን ሊለዩልን አልቻሉም። ይኸው ነው የሚለው። ፍርድ ቤት በማስረጃ እጥረት የለቀቀውን ሰው ንጹሕ ነው ብሎ እንደማይመሰክርለት፣ ፈተናውም እኩልነትን አይመሰክርም።

ታዲያ ስንት ሰው ያስፈልግ ነበር? እውነተኛው ልዩነት 66 እና 49 ከሆነ፣ ከአምስት ጥናት በአራቱ እንዲያዝ ብንፈልግ በየወገኑ 130 ገደማ፣ በጠቅላላው 260። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን በመላው ኢትዮጵያ በዓመት የሚመዘገበው አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚ 4 ሺህ ገደማ ነበር። ከእነሱ ሪአክሽን የሚይዛቸው፣ ነርቫቸው በቅርቡ የተጎዳ፣ አለርት ድረስ መጥተው ለወራት እየተመላለሱ መመርመር የሚችሉ ስንት ናቸው? ሰባ ሦስት መሰብሰቡ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። አነስተኛ ናሙና ሁልጊዜ የሰነፍ ተመራማሪ ምልክት አይደለም። አንዳንዴ በሽታው ራሱ የፈቀደው ልክ ነው። ደግሞም ጥናቱ የማያጠራጥር ነገር አግኝቷል፦ ሪአክሽኑ በሁለቱም ወገን በብዛት ያገረሽ ነበር፤ በሳይክሎስፖሪኑ ወገን ደግሞ ቀድሞ። ያ ለሐኪሙ ከ66ና ከ49 ያላነሰ ዜና ነው።

ሲግኒፊካንት ሆኖ ከንቱ

አሁን ተቃራኒውን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 896 ሺህ ተማሪዎች 29,900 ገደማ፣ 3.3 በመቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 27,300 ገደማ፣ 3.2 በመቶ። ልዩነቱ 0.11 ነጥብ ነው፤ ከሺህ ተማሪ አንድ ብቻ። ስታንዳርድ ኤረሩን አስሉት፦ 0.027 ነጥብ። ዜድ 4 ገደማ ይመጣል።

ልክ እንደ ጎጃሙ። ከአሥር ሺህ አንድ። እና ምን ይጠበስ? ማንም ወላጅ፣ ማንም ርእሰ መምህር በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ የሚያደርገው ነገር የለም። ሁለቱም ዓመት አሳዛኝ ነበር፤ ያን ለማወቅ ደግሞ ዜድ አያስፈልግም። ቁጥሩ ሚሊዮን ሲጠጋ ፈተናው የማይረባ ልዩነትንም ይይዛል፤ እንዲይዝም ነው የተሠራው።

ደግሞም እዚህ ላይ ቀመሩ ራሱ ቦታው አይደለም። ጎጃም ላይ ዕጣ ወጥቷል፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተለየው ቢላው ብቻ ነው። እዚህ ግን ማንም ተማሪውን በዕጣ ለ2014 ዓ.ም. ወይም ለ2015 ዓ.ም. አልመደበውም። ጥያቄዎቹ ይለያያሉ፣ ተፈታኞቹ ይለያያሉ። ቀመሩ እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ጋር የማይያያዝ ነው ብሎ ይነሣል፤ በአንድ ክፍል በአንድ መምህር የተማሩ ስልሳ ልጆች ግን አብረው ይወድቃሉ፣ አብረውም ያልፋሉ። በእኛ ክፍለ ከተማ የሁለት ትምህርት ቤቶች የማለፊያ ምጣኔ ተነጻጽሮ «ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ነው» የሚል ወረቀት ሲያጋጥማችሁ፣ ተማሪዎቹ በየትኛው በር እንዴት እንደገቡ ጠይቁ። አንዱ በመግቢያ ፈተና የሚመርጥ፣ ሌላው የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ከሆነ፣ ዜድ የነገራችሁ ስለ በሩ እንጂ ስለ መምህሩ አይደለም።

ቁጥሩ ሲያንስ

የዜድ አቋራጭ የሚሠራው በየወገኑ የሚጠበቀው «አዎ» እና «አይ» ቢያንስ አምስት አምስት ሲሆን ነው፤ ጠንቃቃ መምህር አሥር ይላል። ከዚያ ካነሰ የፊሸርን ትክክለኛ ፈተና ተጠቀሙ፤ እሱ አቋራጩን ትቶ ባርኔጣው ውስጥ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ ይቆጥራል። ካይ ስኩዌር የተማራችሁ ደግሞ አትደናገሩ፦ ለሁለት በሁለት ሰንጠረዥ ካይ ስኩዌር የዜድ ካሬ ነው። 3.93ን በራሱ አባዙት፣ 15.4 ገደማ። መልሱ አንድ ነው።

ለመለማመጃ

ይኸው የቤት ሥራ፣ እሱም ከአማራ ክልል። በ2011 የታተመ ሌላ የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ጥናት 1,300 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በሐር ክር፣ ሌላውን በራሱ ጊዜ በሚሟሟ ክር ሰፋ። በዓመቱ ሽፋሽፍታቸው ተመልሶ የዞረባቸው በሐሩ ወገን 19.7 በመቶ፣ በሚሟሟው ወገን 18.2 በመቶ ነበሩ። በየወገኑ ወደ 620 ሰው አድርጋችሁ አስሉ። ስታንዳርድ ኤረሩ 2.2 ነጥብ ገደማ ካልመጣላችሁ ምናልባት ከካሬ ሥሩ በፊት 1/620ን ሁለት ጊዜ መደመር ረስታችኋል። ዜድ 0.7 ገደማ ነው፤ ሲግኒፊካንት አይደለም።

የአለርቱም ሲግኒፊካንት አልነበረም። ሁለቱን ግን በአንድ ከረጢት አትክተቱ። የአለርቱ ክልል ከዜሮ በታች ካለው 5 ነጥብ ከዜሮ በላይ እስካለው 39 ነጥብ የሰፋ ነበር፤ የዚህኛው የሚሟሟው ክር በ6 ነጥብ ከመሻል በ3 ነጥብ እስከ መባስ ድረስ ብቻ ነው። አለርት ላይ የማናውቀው ብዙ ነበር፤ እዚህ ግን በሁለቱ ክሮች መካከል ትልቅ ልዩነት እንደሌለ በደንብ እናውቃለን። ያ ዕውቀት ሥራ ላይ ይውላል፦ የሐር ክር የተሰፋበት ሰው ክሩ እንዲወጣለት ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ አለበት። የሚሟሟው ክር ያቺን የእግር መንገድ ያስቀራል፤ ውጤቱ ካልባሰ ደግሞ ባለሙያው በየትኛው እንደሚሰፋ ለመወሰን አይቸገርም።